የጋራ የውሃ ጉድጓድ በምን ይበከላል፣ እንዴትስ ይጠበቃል?

ከመሬት በታች የወጣ ውሃ ሲያዩት ያማልላል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለው። ስለዚህ ብዙ ሰው «የጉድጓድ ውሃ ንጹህ ነው» ብሎ ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ግን ንጹህ የሆነው ከጥልቅ ስለወጣ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ጥልቀት ለመድረስ ረጅም ጊዜ ስለፈጀበት ነው። ይቺን ነገር የያዘ ሰው ግማሹን ጨርሷል፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምናወራው ሁሉ፣ አጥሩም፣ የሽንት ቤቱ ርቀትም፣ የሲሚንቶው ወለልም፣ ዞሮ ዞሮ ሁለት ጥያቄ ነው፦ ውሃው ጉድጓዱ ጋ እስኪደርስ በቂ ጊዜ ወስዷል ወይ? ጊዜ የማያጠፋው ነገርስ መሬቱ ላይ እንዳይፈስ ተደርጓል ወይ?

መጀመሪያ ከመሬት በታች ምን እንዳለ እንይ። የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ብዙዎቻችን የተደበቀ ሐይቅ ወይም በዋሻ የሚፈስ ወንዝ ይታየናል። ከጥቂት ቦታዎች በቀር እንዲያ አይደለም። ውሃው ያለው በአሸዋና በጠጠር ቅንጣቶች መሀል ባለችው ክፍተት፣ ወይም በአለት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉን ተክል ይጠጣዋል፣ ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። የተረፈው ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። መጀመሪያ አየርና ውሃ በተቀላቀሉበት አፈር ያልፋል፣ ከዚያ ክፍተቱ ሁሉ በውሃ የተሞላበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህ ደረጃ የውሃ ጠለል ይባላል። ከዚያ በኋላ ጉዞው በአብዛኛው ወደ ጎን ነው፤ ወደ ምንጭ፣ ወደ ወንዝ፣ ወይም ደግሞ ወደ እናንተ ጉድጓድ።

ፍጥነቱ እንደየመሬቱ ይለያያል፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በአሸዋ ውስጥ ውሃው በቀን ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ጠጣር ሸክላ አፈር ውስጥ ግን ጨርሶ የቆመ ይመስላል። በአንጻሩ የኖራ ድንጋይ ተቦርቡሮ ወይም ሌላ አለት በሰፊው ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በቀን በመቶ ሜትሮች፣ አንዳንዴም ከኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እንግዲህ ሁለት መንደሮች አንድ ዓይነት ፓምፕ፣ አንድ ዓይነት አጥር፣ እኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ኖሯቸው አንዱ ለዓመታት ደህና ውሃ ሲጠጣ ሌላው ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ በተቅማጥ የሚታመሰው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የጥንቃቄ ጉድለት ላይሆን ይችላል። መሬቱ ነው የሚለየው።

ታዲያ ጊዜ ምን ይሠራል? አፈር ወንፊት ሆኖ ጀርሙን አጣርቶ ያስቀረዋል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚወጡ ጥገኛ ተሕዋስያን ተለቅ ስለሚሉ እውነትም ብዙዎቹ ይያዛሉ። ባክቴሪያ ግን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ገደማ ነው፣ በአሸዋ መሀል ለማለፍ አይቸገርም። ቫይረስ ከዚያም በብዙ እጥፍ ያንሳል። እነዚህን የሚያስቀራቸው በአብዛኛው ከቅንጣቶቹ ጋር መጣበቃቸውና፣ ከሁሉም በላይ፣ መሞታቸው ነው። ከሞቀ አንጀት ወጥተው ቀዝቃዛና ምግብ የሌለበት ጨለማ ውስጥ ሲገቡ እየቆዩ ያልቃሉ። ከውሃ ጠለል በላይ ያለው፣ አየር ያለበት አፈር ደግሞ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተሻለው ነው። ውሃው እዚያ ጋ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ የአፈሩ የራሱ ተሕዋስያንም መጤውን ይፎካከሩታል።

ይህን ነገር ወደ ሕግ የቀየሩ አገሮች አሉ። በጀርመን የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ዙሪያ የሚከለለው ሁለተኛው ቀጠና የሚለካው በሜትር ሳይሆን በቀን ነው፤ ከቀጠናው ጠርዝ የተነሳ ውሃ ጉድጓዱ ለመድረስ ቢያንስ 50 ቀን መውሰድ አለበት። በእንግሊዝም የውስጠኛው ቀጠና 50 ቀን ነው፣ ቀጣዩ 400 ቀን፣ ከዚያ ደግሞ ጉድጓዱን የሚመግበው መሬት በሙሉ። 50 ቀን ከየት መጣ ቢባል፣ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉዳት ወደማያደርሱበት ቁጥር ይወርዳሉ ተብሎ ነው። ቫይረስ ከዚህ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ቁጥሩ ፍጹም አይደለም። ግን ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ርቀትን ለብቻው አይቶ «30 ሜትር አለን፣ ተመስገን» ከማለት ያድናል።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ እንሂድ። ይህ ሁሉ የአፈር ሥራ የሚጠቅመው ውሃው በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ነው። አቋራጭ ካገኘ ግን ሃያ ሜትር አፈር ቢኖራችሁም የሌለ ያህል ነው። አቋራጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሳይሆን ራሱ ጉድጓዱ ነው።

ጠጋ ብለን እንየው። ቆፋሪ ማሽን የሚበሳው ቀዳዳ ውስጡ ከሚገባው ቱቦ ይሰፋል፣ ቱቦው ኬዚንግ ነው የሚባለው። ቀዳዳው 25 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና ኬዚንጉ 15 ቢሆን፣ ዙሪያውን 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይቀራል። ታች፣ ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ይህ ክፍተት በተመረጠ ጠጠር ይሞላል። ትክክል ነው፣ እዚያ ጋ ውሃ እንዲያልፍ ነው የሚፈለገው። ከላይ ያለው ክፍል ግን በሲሚንቶ ወይም ቤንቶናይት በሚባለው፣ ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ መታሸግ አለበት። ሳይታሸግ ከቀረ፣ ወይም ሥራው ይፍጠን ተብሎ ጠጠሩ እስከ አፉ ድረስ ከተሞላ፣ ያ 5 ሴንቲሜትር ከመሬቱ ወለል ቀጥ ብሎ ወደምትጠጡት ውሃ የሚወርድ ቧንቧ ሆነ ማለት ነው። ጎርፉ ሃምሳ ቀን አይፈጅበትም። ደቂቃዎች ይበቁታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ይህን ክፍል ማንም አያየውም። ላዩ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ፓምፑ ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ከሆነ በምረቃው ቀን ሳይሆን እሽጉ በሚሞላበት ቀን ሰው ይገኝ። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደገባ ይቁጠር፣ ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር እንደታሸገ በጽሑፍ ይቀበል። ውሉ ላይም የእሽጉ ጥልቀት ተጽፎ ይግባ። ይህን ጠይቆ «ምን አገባህ» የሚባል ሰው ካለ፣ ያ ቆፋሪ ድሮውንም አይሆናችሁም።

ለቆየ ጉድጓድ ደግሞ ላዩን ማየት ነው። በፓምፑ ዙሪያ ያለው የሲሚንቶ ወለል ሥራው ሰው ጭቃ እንዳይረግጥ ብቻ አይደለም፤ የፈሰሰው ውሃ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ እንዳይሰርግ ነው። አንድ ቀን ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሄዳችሁ ቁሙና የፈሰሰው ውሃ የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ተከተሉት። ወለሉ ወደ ውጭ ካዘነበለ ውሃው በቦዩ ወጥቶ ራቅ ብሎ ይሰርጋል። ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቀጠን ይልና ይጠፋል። ጠፋ ማለት ገባ ማለት ነው። ባለ እጅ ፓምፕ ከሆነ መሠረቱን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ በእያንዳንዱ መግፋትና መሳብ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ እየተፈረፈረ ነው። ወለሉ ላይ የቆመው ውሃ ከብት ይጠራል፣ ከብቱ ፋንድያ ይጥላል፣ ፋንድያው ከውሃው ጋር በስንጥቁ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ግማሽ ከረጢት የማይሞላ ሲሚንቶ ነው፣ ግን ፓምፑ እስካልቆመ ድረስ ማንም አይቸኩልበትም። በእጅ የተቆፈረ፣ በገመድና በባልዲ የሚቀዳበት ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ መሬት ላይ የተጎተተ ገመድና በስንቱ እጅ የተያዘ ባልዲ በየቀኑ ውሃው ውስጥ ይነከራል። እዚያ ላይ ክዳንና ፓምፕ ከመግጠም የሚበልጥ ጥበቃ የለም።

መሬቱም፣ ጉድጓዱም፣ ሰዎቹም በአንድ ላይ ሲያጠፉ ምን እንደሚመጣ ማየት ለሚፈልግ በካናዳ ኦንታሪዮ የምትገኘው ዎከርተን ከተማ አለች። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ ባላት በዚህች ትንሽ ከተማ ለተከታታይ ቀናት ከባድ ዝናብ ዘነበ። ከከተማው ጉድጓዶች አንዱ፣ አምስት ቁጥር የሚባለው፣ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ውሃውንም የሚያገኘው ለመሬቱ ወለል ቅርብ ከሆነ የተሰነጠቀ አለት ነበር። ከላዩ ያለው አፈር ሳሳ ያለ። አጠገቡ እርሻ አለ፣ እርሻው ላይ ፍግ ተበትኗል። ዝናቡ ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለውን ባክቴሪያና ካምፒሎባክተርን ይዞ ወረደ። ከ2,300 በላይ ሰው ታመመ፣ ሰባት ሰው ሞተ።

ልብ በሉ፣ በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ገበሬውን ጥፋተኛ አላለውም። ሰውዬው ፍጉን በአግባቡ ነበር የበተነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ጉድጓዱ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር ጀምሮ ለብክለት የተጋለጠ መሆኑ ይታወቅ ነበር፣ በዙሪያው ያለው መሬት ተገዝቶ ይከለል የሚል ምክርም ተሰጥቶ ነበር። አልተከለለም። የክሎሪኑን መጠን የሚለኩት ሠራተኞች ሳይለኩ የሐሰት ቁጥር ይጽፉ ነበር። የክሎሪንና የድፍርስነት መጠንን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ጥፋቱ በተከለከለ ነበር፣ ግን አልነበረም። ከዚህ ታሪክ እኔን በጣም የሚገርመኝ ያ የ1978ቱ ምክር ነው። መሬቱን መግዛት ያኔ ውድ መስሏቸው ይሆናል፣ ወይ ደግሞ አላስቸኮላቸውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ሂሳብ ግን ከማንኛውም መሬት ይበልጣል።

የሽንት ቤት ጉዳይ ሁሌም ክርክር ያስነሳል። በአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ስፌር የሚባለው መመዘኛ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ግርጌውም ከውሃ ጠለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል ይላል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ያስታውሳል፣ ሁለተኛውን ይረሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ይበልጣል። የሽንት ቤቱ ግርጌ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ ያ ጥሩ ሥራ የሚሠራው አየር ያለበት አፈር ተዘለለ ማለት ነው። በተለይ በክረምት የውሃ ጠለል ከፍ ስለሚል፣ በበጋ ደረቅ የነበረ የሽንት ቤት ጉድጓድ በክረምት ውሃ ውስጥ ሊቆም ይችላል። መሬቱ የተሰነጠቀ አለት ወይም የኖራ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ 30 ሜትር ብዙም ትርጉም የለውም፣ መመዘኛውም ራሱ ርቀቱ ይጨምር ይላል።

«ከበላይ ይሁን ከበታች?» የሚለውም አለ። ከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ስለሚሄድ የውሃ ጉድጓዱን ከላይ፣ ሽንት ቤቱን፣ በረቱንና ቆሻሻ መጣያውን ከታች ማድረግ ጥሩ ጅማሮ ነው። ግን ፓምፕ ይህን ይገለብጠዋል። በሞተር ብዙ ውሃ ሲሳብ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የውሃ ጠለል ይወርዳል፣ ከየአቅጣጫው ያለውም ውሃ ወደዚያ ያዘነብላል። ከዚህ በፊት ወደ ሌላ ይሄድ የነበረ የቆሸሸ ውሃ አቅጣጫውን ሊቀይር ይችላል። እጅ ፓምፕ አውጥታችሁ በጄኔሬተር ወይም በሶላር የሚሠራ ትልቅ ፓምፕ የምትተክሉ ከሆነ፣ የጥበቃ ክልላችሁንም በዚያው ልክ ማስፋት አለባችሁ። ይህን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። ባሕር ዳርቻ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ከመጠን በላይ መሳብ ጨዋማውን ውሃ ይጠራዋል።

እስካሁን ያወራነው ጊዜ ስለሚገድላቸው ነገሮች ነው። አሁን ጊዜ ስለማይገድላቸው።

ናይትሬት ከነዚህ አንዱ ነው። ከማዳበሪያ፣ ከፍግና ከሽንት ቤት ይመጣል። በውሃ ይሟሟል፣ አፈር አይዘውም፣ ኦክስጅን ባለበት መሬት ውስጥ ለዓመታት ሳይለወጥ ይጓዛል። ለዚህ ነው ገበሬዎች ማዳበሪያ ቀንሰውም የጉድጓዱ ናይትሬት ለዓመታት መጨመሩን የሚቀጥለው፤ ዛሬ የምትቀዱት ድሮ የተጨመረውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ በዋናነት በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናትን ለመጠበቅ። ብዙ ናይትሬት ባለበት ውሃ ወተት የተበጠበጠላቸው ጨቅላዎች ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈራቸው ይጠቁራል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ወሰኑን «10» ብሎ የሚጽፍ ላቦራቶሪ ታገኛላችሁ። የሚለካው በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ነው፣ ወደ 44 ሚሊግራም ናይትሬት ይመጣል። ውጤት ስትቀበሉ በየትኛው እንደተለካ ጠይቁ። ሌላው ደግሞ ማፍላት ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን ያከማቸዋል፣ ምክንያቱም ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ለሕፃን ብሎ አጥብቆ ያፈላ ሰው በደግነቱ ይብስ ሊያደርገው ይችላል።

ነዳጅና የፋብሪካ ኬሚካል ሌላ ዓለም ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀሉ የውሃ ጠለሉ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ቀስ እያሉም ወደ ውሃው ይሟሟሉ። ብረትና ልብስ ለማጽዳት የሚያገለግሉ አንዳንድ ማሟሚያዎች ግን፣ ለምሳሌ ትራይክሎሮኤቲሊን፣ ከውሃ ይከብዳሉ። ውሃውን ሰንጥቀው ታች ወርደው እዚያ ይቀመጣሉ፣ ለአሥርት ዓመታትም ውሃውን ይመርዛሉ። የዚህ ኬሚካል የአሜሪካ ወሰን በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። ሂሳቡን ብንሠራው አንድ ሊትር ኬሚካል ወደ 290 ሚሊዮን ሊትር ውሃ እዚህ ወሰን ላይ ለማድረስ ይበቃል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዎበርን ከተማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቆፈሩ ሁለት የሕዝብ ጉድጓዶች ይህ ኬሚካል ተገኝቶባቸው በ1979 ተዘግተዋል። እስከዚያ ሰው ይጠጣ ነበር። ከዚህ የምንወስደው አጭር ነው፦ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መፍትሔው ማጣራት ሳይሆን ጋራዡ፣ ነዳጅ ማደያው፣ የጄኔሬተሩ በርሜልና የፀረ ተባይ መጋዘኑ ጉድጓዱን በሚመግበው መሬት ላይ መጀመሪያውኑ እንዳይኖሩ ማድረግ ነው። አዎ፣ የውሃ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ራሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ናፍጣ ሲያንጠባጥብ ማየት የተለመደ ነው። ሥሩ ነዳጅ የሚይዝ ትሪ ይደረግለት፣ ራቅም ይበል።

አጥርም፣ ርቀትም፣ ሲሚንቶም የማይከለክለው ብክለትም አለ፣ ከአለቱ ራሱ የሚመጣ። ባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው የተበከለ የኩሬና የወንዝ ውሃ ጠጥቶ በተቅማጥ እንዳይሞት በሚል ሚሊዮኖች የቱቦ ጉድጓዶች ተተከሉ። ሐሳቡ ቅን ነበር፣ ከጀርም አንጻርም ሠርቷል። ግን በደለሉ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ወደ ውሃው ይሟሟ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለአርሴኒክ መመርመር የተለመደ አልነበረም። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። በሽታው ከዓመታት በኋላ በቆዳ ላይ ሲወጣ ነው ነገሩ የታወቀው። በኋላ ጉድጓዶቹ እየተመረመሩ ደህናዎቹ አረንጓዴ፣ የተበከሉት ቀይ ተቀቡ። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይድ አለ። በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፣ በጣም ሲበዛም አጥንት ያጎብጣል። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት የኬሚካል ምርመራ ይደረግበት። እዚህ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይደለም።

የተተዉ ጉድጓዶች አጭር ጉዳይ ናቸው ግን አይዘለሉም። ውሃው ደርቆ ወይም ፓምፑ ተሰብሮ የተተወ ቀዳዳ አፉ ክፍት ከሆነ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል፣ ያም ቀጥታ እናንተ ወደምትጠጡት ውሃ ይሄዳል። በድንጋይ መክደን አይበቃም። ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ ወይም በቤንቶናይት ይደፈን።

ምን ይደረግ ለሚል የውሃ ኮሚቴ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ወረቀትና እስኪብርቶ ነው። ጉድጓዱን መሀል ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእግር ዙሩና ያያችሁትን ሳሉ፤ ሽንት ቤት፣ በረት፣ ቆሻሻ መጣያ፣ መቃብር፣ ማደያ፣ ማሳ፣ የተተወ ጉድጓድ፣ ጎርፍ የሚመጣበት መስመር። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚሆን አዎ/አይደለም ተብሎ የሚመለስ አጭር የጥያቄ ቅጽ አለው፣ ባለሙያ ባይኖርም ይሞላል። እኔ ይህን ከላቦራቶሪ ምርመራ በፊት ነው የማስቀድመው። ምርመራ የሚነግራችሁ በዚያች ቅጽበት በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ነው፤ ዙሪያውን መቃኘት ግን ነገ ምን ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል።

ምርመራውም ቢሆን ወቅቱን መምረጥ ይፈልጋል። በበጋ፣ መሬቱ በደረቀበት፣ ናሙና ወስዶ «ንጹህ ነው» ማለት ቀላል ነው። ጉድጓዱ የሚፈተነው ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በኋላ ነው። የሚፈለገው በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚወጣው ባክቴሪያ፣ ጭራሽ እንዳይገኝ ነው። ዝናብ በዘነበ በማግስቱ ውሃው ደፍረስ ካለ ደግሞ ላቦራቶሪ አትጠብቁ፣ ውሃው አቋራጭ አግኝቷል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ሰው አፍልቶ ወይም በክሎሪን አክሞ ይጠጣ።

ከባዱ ሥራ ግን ሲሚንቶም ምርመራም አይደለም፣ ሰው ማግባባት ነው። ጉድጓዱን የሚመግበው መሬት ብዙውን ጊዜ የሰው ነው። ባለቤቱን «እዚህ በረት አትሥራ» ማለት ምትክ ካልተሰጠው ወይም ካልተካሰ ጠብ ነው። የሚሻለው ከመጀመሪያው ጉድጓዱ ሲታቀድ መሬቱን አብሮ ማሰብ፣ የተስማሙትን በጽሑፍ ማድረግ፣ ለአካባቢው አስተዳደርም ማሳወቅ ነው። መሬቱ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ስምምነቱን አያውቅም፤ በቃል የቀረ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

ጎርፍ ጉድጓዱን ከዋጠው ወይም ጥገና ከተደረገበት በጠንካራ ክሎሪን ማከም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ስንጥቁ ይጠገን። ከዚያ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃ አስሉ፦ ኬዚንጉ 15 ሴንቲሜትር ስፋት፣ የቆመው ውሃ 10 ሜትር ከሆነ ወደ 177 ሊትር ይሆናል። በሊትር 100 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲኖረው፣ 65 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት ወደ 27 ግራም ይበቃል። ዱቄቱን በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ ጓንት አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ዝቃጩን አስቀርታችሁ ጠራ ያለውን ጨምሩ። ክሎሪኑ እስኪሸት ፓምፑን ሥሩና ቢያንስ 12 ሰዓት ይደር። በዚያ ጊዜ ማንም እንዳይቀዳ ሰው ይቁም። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አፍስሱት፣ ግን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ አይሁን። ናሙናው የሚወሰደው ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከቀናት በኋላ ነው፣ አለዚያ የምትመረምሩት ክሎሪኑን ነው። ክሎሪን ለጀርም እንጂ ለናይትሬት፣ ለአርሴኒክ፣ ለፍሎራይድና ለነዳጅ አይሆንም። ሁለት ጊዜ አክማችሁ ኢ. ኮላይ ከተመለሰ ደግሞ ሦስተኛ ባልዲ አትበጥብጡ፤ የሳላችሁትን ካርታ አውጡና ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፣ እስኪገኝም የጉድጓዱ ውሃ ለመጠጥ እንደማይሆን ፓምፑ ላይ ለጥፉ።